ኩላሊት ሲበግን

እሑድ ከሰዓት ነው። አክስቴ ቶናውን ቀድታ ጨርሳለች፤ በረካው ጀበናው ውስጥ ይንፈቀፈቃል። ከረከቦቱ ጎን፣ ውሃ በያዘች ብርጭቆ ውስጥ፣ ከጓሮ የተቆረጠ ጤና አዳም ቆሟል። አንዲት ዘለላ መዘዘችና ሲኒዬ ውስጥ ጣል አደረገችልኝ።

«ጠጣ ልጄ። ይሄ እኮ ለኩላሊት ነው።»

«ማን አለ እቴቴ?»

«ስልኩ ነዋ!» አለችና ጉልበቷን እያሻሸች ተነሳች። ከቁም ሣጥኑ አንድ ነጭ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ዋሽንግተን ያለችው ልጇ የላከችላት ነው። ላዩ ላይ በላቲን ፊደል «ኩዌርሴቲን፣ 500 ሚሊ ግራም» የሚል ተጽፏል። ስልኳ ላይ ደግሞ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሁሉንም ነግሯታል፤ ሰው ሲያረጅ ኩላሊቱ ይቆጣል፣ ቁጣውን የሚያበርድ ነገር ደግሞ ቅጠሎች ውስጥ አለ።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰኝ መሳቅ ልማዴ ነው። በዚህኛው ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሰውየው ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ሌላኛው ግማሽ ላይ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ካለው ስም እንጀምር። በ1842 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኦገስት ቫይስ የተባለ የኑረንበርግ መድኃኒት ቀማሚ ከአንድ የጓሮ ተክል ቢጫ ዱቄት አወጣ። ተክሉ በላቲን «ሩታ» ይባላል፤ ዱቄቱም በእናቱ ስም «ሩቲን» ተባለ። የእኛ ጤና አዳም የዚያ ተክል የቅርብ እህት ነው፤ የእሱም የዘር ስም «ሩታ» ነው። ከሩቲን ላይ የተጣበቁትን ሁለት ስኳሮች ብናላቅቅ የሚቀረን ኩዌርሴቲን ነው። ሲኒዬ ውስጥ ያለው ዘለላና ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው ጠርሙስ፣ አክስቴ ሳታውቀው፣ የእናትና የልጅ ያህል ዘመዶች ናቸው።

ሁለቱም ፍላቮኖይድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ይመደባሉ። ቤተሰቡ ከ6,000 በላይ አባላት አሉት። ተክል መሸሽ ስለማይችል ራሱን በቅመማ ይከላከላል፤ ፀሐይ እንዳያቃጥለው፣ ሻጋታና ተባይ እንዳይበላው፣ ንብም አበባውን እንድትለይለት እነዚህን ነገሮች ይሠራል። ገበታችንም በእነሱ የተሞላ ነው። ለወጥ የሚከተፈው ቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን አለው። ነጭ ጤፍ የአፒጀኒን፣ ቀይ ጤፍ የሉቴዮሊን ዝርያዎችን ይይዛል። ኮንሶዎች እንደ ጎመን ቀቅለው የሚበሉት ሽፈራው ደግሞ ሩቲን ሞልቶታል። (ቡናው ራሱ የሚታወቀው በሌላ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ አክስቴ ቡናውን ብቻ ብትሰጠኝ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።)

ለእነዚህ ነገሮች የሰው ልጅ ተስፋ ማድረግ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ከበርበሬ ቫይታሚን ሲ ያወጣው አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1936 ፍላቮኖይዶችን «ቫይታሚን ፒ» ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ ቫይታሚን ፒ ግን ቫይታሚን ሆኖ ስላልተገኘ ስሙ ቀረ። ያ ታሪክ ለዛሬው ነገር ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

አንድ ሚሊዮን ወንፊት

ሁለቱ ኩላሊቶቻችን እያንዳንዳቸው ከተጨበጠ እጅ ብዙም አይበልጡም። ልብ ከምትረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነሱ ይሄዳል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ዘጠኝ ይሞላል። ከዚያ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ቀሪው እየተመረጠ ወደ ደም ይመለሳል። ሥራውን የሚሠሩት ኔፍሮን የሚባሉ፣ ራሳቸው ላይ ወንፊት፣ ከሥሩ ረጅም ቱቦ ያላቸው ጥቃቅን ማጣሪያዎች ናቸው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ አሉ። ከእናት ሆድ ይዘናቸው እንወጣለን፤ የሞተው አይተካም።

ስንት እንደሚሞት የታወቀው ከደግ ሰዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ በማዮ ክሊኒክ የሚመሩ ተመራማሪዎች ኩላሊት ከለገሱ ከ1,600 በላይ ጤነኛ ሰዎች የተወሰደ ናሙና መርምረው በ2017 ውጤቱን አወጡ። ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉት በአንድ ኩላሊታቸው 990,000 ያህል ደህና ማጣሪያ ነበራቸው። ከ70 እስከ 75 ያሉት 520,000 ያህል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች አልታመሙም፤ እንዲያውም ጤነኛ ናቸው ተብለው ኩላሊታቸውን እንዲሰጡ የተፈቀደላቸው ናቸው። ግማሹ ከቤት የወጣው ማንም ሳይሰማ ነው።

ሟቹ የተወውን ሸክም የቀረው ይሸከማል። በላዩ ላይ ግፊትና ስኳር ሲጨመሩበት ሸክሙ ያጎብጠዋል። እዚህ ላይ ነው ብግነት የሚመጣው።

ሐኪሞቻችን «ብግነት» የሚሉት ቃል ሰው «ብግን አለ» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅለትም። ቁጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገንፍሎ፣ ጮሆ፣ ይበርዳል፤ እሾህ የወጋው ጣት እንደሚቀላው፣ እንደሚያብጠው፣ ከዚያም እንደሚሽረው ማለት ነው። ያ ቁጣ ባይኖር ኖሮ በአንድ ጭረት እንሞት ነበር። ሌላው ውስጥ ውስጡን የሚበግን ነው። ፊት ላይ አይታይም፣ አያተኩስም፣ ግን ለዓመታት አይጠፋም። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ በ2000 ይህን ሁለተኛውን ከእርጅና ጋር አጋብቶ አንድ ስም ሰጠው። ኩላሊት ውስጥ ሲበግን፣ በቱቦዎቹ መካከል ለጦርነት የተጠሩ ነጭ የደም ሴሎች ይሰፍራሉ፤ ጠላት ስለማያገኙም የሰፈሩበትን ቤት ያፈርሳሉ። የፈረሰው በጠባሳ ይሞላል። ጠባሳ አያጣራም።

ማነው የሚያስቆጣቸው? አንዱ ተጠርጣሪ ያረጀ ሴል ነው። ተመራማሪዎቹ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በ1961 የሰው ሴል የተወሰነ ጊዜ ብቻ ተከፋፍሎ እንደሚቆም አሳዩ። የቆመው ሴል ግን ሁልጊዜ አይሞትም። ጡረታ ወጥቶ ቢሮውን አልለቅም ያለ ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሥራ አይሠራም፤ ቀኑን ሙሉ ግን የክስ ደብዳቤ ይበትናል። የእነዚህ ሴሎችም ጠባይ እንዲሁ ነው። በ2008 የተመራማሪዋ ጁዲት ካምፒሲ ቡድን ከእነሱ የሚወጡትን፣ ጎረቤትን የሚያስቆጡ ኬሚካሎች ዘርዝሮ አሳየ። በ2016 ደግሞ የማዮ ክሊኒክ ሰዎች በዘረመል ዘዴ እነዚህን ሴሎች ከአይጦች ሰውነት ሲያስወግዱ አይጦቹ ዕድሜያቸው ረዘመ፤ የኩላሊታቸው ወንፊትም ጠባሳው ቀነሰ።

ለአይጥ እሰየው ነው። ያንን የዘረመል ዘዴ ሰው ላይ መጠቀም ስለማይቻል ያረጁትን ሴሎች የሚያባርር መድኃኒት ፍለጋ ተጀመረ። በ2015 ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የአክስቴ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን ነበር፤ ዳሳቲኒብ ከሚባል የደም ካንሰር መድኃኒት ጋር ተጣምሮ። በ2019 ይኸው ጥምረት በስኳር ሕመም ምክንያት ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ላይ ለሦስት ቀን ተሞከረ፤ ሕክምናው ካበቃ በ11ኛው ቀን ያረጁት ሴሎች ቁጥር ቀንሶ ተገኘ።

ስልኩ ላይ ያለው ሰውዬ ያልተናገረው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ሰዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። የተመረመረው ናሙና ከቆዳቸውና ከቆዳ ሥር ካለው ስባቸው የተወሰደ እንጂ ከኩላሊታቸው አልነበረም። ኩዌርሴቲኑም ብቻውን አልተሰጠም። መጠኑ ደግሞ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ነበር፤ ያን ያህል ከሽንኩርት ለማግኘት ጥሬውን በኪሎዎች መብላት ያስፈልጋል። የኩዌርሴቲን ዘመድ የሆነው ፊሰቲን የባሰ ነው። በሰው ላይ ሲሞከር የሚሰጠው ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም ነው። ከምግቦች ሁሉ በፊሰቲን ቀዳሚ የሆነው እንጆሪ በኪሎ 160 ሚሊ ግራም ያህል አለው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን ሰባት ኪሎ ተኩል እንጆሪ ትብላ ማለት ነው።

የተበላውም ቢሆን በመልኩ አይቀርም። አንጀትና ጉበት ኩዌርሴቲንን እንደ ባዕድ ስለሚያዩት ወዲያው ሌላ ነገር ያስሩበትና ለመውጣት ያዘጋጁታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በሳህን ላይ ባለ ሴል ላይ የሚፈሰው መጠን፣ ከምግብ በኋላ ደማችን ውስጥ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «ብግነትን ያበርዳል» የሚሉት አብዛኞቹ ጽሑፎች የተወለዱት ከሳህንና ከአይጥ ነው። ይህን ስል ሽንኩርቱን ተዉት፣ ጎመኑን ጣሉት ማለቴ አይደለም። አትክልት የበዛበት ገበታ ለደም ግፊትም ለልብም መልካም ነው፤ ለልብ የሚበጅ ደግሞ ለኩላሊትም ይበጃል። ነገር ግን ያንን ጥቅም አንድ ቅጠል ወይም አንድ እንክብል ብቻውን ያመጣዋል ብሎ ማሰብ የተለየ ነገር ነው።

ከፖም ሥር የወጣው

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ተስፋ አስቆራጭ ነበር። አያበቃም። ከፍላቮኖይድ ቤተሰብ አንዱ፣ በጣም ረጅም መንገድ ዞሮ፣ በእርግጥም የኩላሊት መድኃኒት ወልዷል፤ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም።

በ1835 የቤልጂየም ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት መራራ ነገር አወጡ። ፍሎሪዚን አሉት። ያኔ መራራ ቅርፊት ሁሉ ለወባ ይሞከር ነበርና ይህም ተሞከረ፤ እምብዛም አልሠራም። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ አንድ እንግዳ ነገር አየ፤ ፍሎሪዚን የተሰጠው እንስሳ ሽንቱ ጣፋጭ ይሆናል። ስኳር በሽታ ይመስላል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ግን አልጨመረም። ነገሩ የተገለጠው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ኩላሊት የተጣራውን ስኳር መልሶ የሚስብበት በር አለው፤ ፍሎሪዚን ያንን በር ይዘጋል።

በአፍ ሲወሰድ ግን የኩዌርሴቲን ዕጣ ደረሰበት። አንጀት ውስጥ ይፈራርሳል፣ ደም ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፣ የአንጀትንም የስኳር በር እየዘጋ ያስቀምጣል። ስለዚህ የመድኃኒት ኬሚስቶች ቅርጹን ይዘው አካሉን ለወጡት። አንጀት እንዳይሰብረው መጋጠሚያውን አጠናከሩ፤ የኩላሊቱን በር ብቻ እንዲመርጥ አደረጉት። ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው ልጅ በ2012 አውሮፓ ውስጥ ለስኳር ሕመም ተፈቀደ። ስሙን ልብ ብላችሁ ብታነቡት የአያቱ ድምፅ ጭራው ላይ ይሰማል።

ያልተጠበቀው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2020 ኩላሊታቸው የተጎዳ 4,304 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ይህን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ሲወስዱ የቆዩበት ጥናት ውጤት ወጣ። ስኳር ያለባቸውም የሌለባቸውም ነበሩበት። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ ባዶውን ከወሰዱት ከመቶ 14.5 ያህሉ የኩላሊታቸው ሥራ ቢያንስ በግማሽ ወርዷል፣ ወይም ኩላሊታቸው ፈጽሞ ደክሟል፣ ወይም በኩላሊት ወይም በልብ ሕመም ሞተዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት ይህ የደረሰባቸው ከመቶ 9.2 ናቸው። በ2022 ተመሳሳዩ ኤምፓግሊፍሎዚን ከ6,600 በላይ ሰዎች ላይ ያንኑ መሰከረ።

እንዴት ረዳ? ዋናው ምክንያት የወንፊቱን ግፊት መቀነሱ ነው። ስኳርና ጨው ወደ ታች ሲወርዱ ኩላሊት የመግቢያውን ቧንቧ ጠበብ ያደርጋል፤ የተረፉት ማጣሪያዎች ሸክማቸው ይቀላል። ቁጣውን ለማብረድ ተናዳጁን ከመለማመጥ ሸክሙን ማውረድ ይሻላል እንደማለት ነው። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው ታች ሽፈራውን፣ ላይ ፖሙን ያያል። ሁለቱም ፍላቮኖይድ አላቸው፤ ታሪክ የሠራው ግን ሥሩ ነው፤ እሱም 177 ዓመት ተለፍቶበት፣ መልኩ ተቀይሮ። የፖም ሥር ቀቅዬ ልጠጣ የሚል አንባቢ ካለ ፍሎሪዚን በአፍ ሲወሰድ ምን እንደደረሰበት የሚናገረውን አንቀጽ ደግሞ ያንብብ።

በተቃራኒው መንገድ የሄደም አለ። ባርዶክሶሎን የሚባል መድኃኒት ኩዌርሴቲንን የመሳሰሉት ይነኩታል የሚባለውን፣ የሴልን ፀረ ብግነት መከላከያ የሚቀሰቅሰውን ቁልፍ በኃይል ይጫናል። ስኳር ሕመም ያለባቸውና ኩላሊታቸው ክፉኛ የደከመ ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲሞከር የደም ምርመራው ያማረ መሰለ። በጥቅምት 2012 ግን ጥናቱ በአስቸኳይ ቆመ፤ መድኃኒቱን በወሰዱት መካከል የልብ ድካም በዝቶ ነበር። ወረቀት ላይ ያማረ ቁጥር ሰውን ላያድን እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ቅጠልም ሲከፋ እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት መቀነሻ ተብሎ በተሰጠ ዕፅ ከ100 በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ እጥበት ውስጥ ገቡ፣ ንቅለ ተከላም አስፈለጋቸው። አንዱ የቻይና ዕፅ በስህተት በሌላ ተተክቶ ነበር፤ የተተካው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ይዟል። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ያኔም ጠርሙሱ ላይ ሳይኖር አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ከዚያ እሑድ በኋላ ለምርመራ አብሬያት ሄድኩ። 67 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት። ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ክሬአቲኒን፣ 1.3 ወጣባት። አየት ሲያደርጉት ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው፤ በእሷ ዕድሜና ፆታ ሲሰላ ግን ኩላሊቷ የሚያጣራው በደቂቃ 45 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የጤነኛ ወጣት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሐኪሟ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ወረቀቱን አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊቱን ብቻ ነው። ጤና አዳምም በቡና እጠጣለሁ።»

«ለሕመም የሚውጡትስ?»

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ከታጠፈች መቶ ብርና ከቤተ ክርስቲያን እምነት ጋር አንድ ሰሌዳ ኪኒን ነበር፤ ግማሹ ተበልቷል። ዳይክሎፌናክ ነው። ለጉልበቷ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለስምንት ወር፣ ያለ ማዘዣ።

ዳይክሎፌናክ የፀረ ብግነት መድኃኒት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ነው። አክስቴ የኩላሊቷን ብግነት ለማብረድ ቅጠል ስታሸት፣ የጉልበቷን ብግነት የሚያበርደው ኪኒን ኩላሊቷን ያደርቅ ነበር። ያረጀና ግፊት ያለበት ኩላሊት የደም መግቢያውን ከፍቶ ለማቆየት ፕሮስታግላንዲን በሚባል ነገር ይታገዛል። ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም የሚያጠፉት እሱን ነው። በሩ ይጠባል፣ ደም ያንሳል፣ ማጣሪያው ይዝላል። ወንፊቱን በልኩ የሚያሳርፈው የፖም ሥር ልጅ ነው፤ ይሄኛው ግን ያንቀዋል። እንግዲህ «ብግነት አብራጅ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ለኩላሊት ወዳጅም ጠላትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሐኪሟ ጤና አዳሙን አልከለከለቻትም፤ ቡና ላይ የሚጣል ዘለላ ምንም አይላትም ብላለች። ተቀቅሎ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በብዛት ሲወሰድ መርዛማ ይሆናል፣ ነፍሰ ጡርማ ጨርሶ ልትርቀው ይገባል። ጠርሙሱንም እንድታቆም ነገረቻት። ኩላሊቱ የባሰ የደከመ ሰው ደግሞ የቅጠል ጭማቂና አቮካዶ የበዛበት ስፕሪስ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብን እስከማቆም እንደሚያደርስ፣ የተተከለ ኩላሊት ያለውም ሰው የሚወስደውን መድኃኒት መጠን ግሬፕ ፍሩት ብቻውን ሊያዛባው እንደሚችል የሰማሁት እዚያው ነው። አገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረችው በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ይህ ምክር የሚመለከታቸው ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ።

ኪኒኑ ቆመ፤ ጉልበቷ በቅባትና በእንቅስቃሴ እየታከመ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ክሬአቲኒኗ 1.0 ሆነ፤ ማጣሪያው ከ60 በላይ ወጣ። ሁሉም ሰው እንደ እሷ አይመለስለትም፤ ጠባሳ የሆነው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ የእጥበት ገንዘብ ከሚሰበሰብላቸው ወጣቶች መካከል ስንቱ ክሬአቲኒኑን አስቀድሞ ለክቶ ያውቅ እንደነበር አስባለሁ። ምርመራው የአንድ ጣት ብልቃጥ ደምና ጥቂት ሽንት ነው፤ በደሙ ክሬአቲኒን፣ በሽንቱ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይታያል።

ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ዕድሜያችሁ ከ60 ካለፈ፣ ሁለቱንም አስለኩ። ስትሄዱም ቋጠሯችሁን ፈታችሁ ያለውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም፣ ጠርሙሱንም፣ ያፈራችሁበትንም ኪኒን፣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት።